ማይክሮስኮፑ ፊት ያልቀረበው ቁራጭ

ሕግ የተማረ ሰው ሰነድ ሲሰጠው ከታች ወደ ላይ የማንበብ አመል አለበት። የውሉ አንቀጾች ሁሉ ካማሩ በኋላ ሆኖም የምትለዋ ቃል ብዙውን ጊዜ የምትደበቀው ግርጌው ላይ ነውና። ይኼ አመሌ ከችሎት ውጭ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአፍንጫዬ ጥግ ምስር የምታክል እብጠት ወጣችብኝ። አታምም፣ አታሳክክም፣ ቀለሟም ከቆዳዬ አይለይም። ለወራት ከቁም ነገር ሳልቆጥራት ከቆየሁ በኋላ ባለቤቴ ጎትጉታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ (ስሙም የሚሠራበትም ቤት ይቆየን) ከላይ ከላይዋን በምላጭ ላጥ አድርጎ ለፓቶሎጂ ምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ የወረቀቱን አናት አየት አደረገና ነገሩ የፀጉር ሥር እባጭ እንደሆነ፣ ካንሰር እንዳልሆነና በሰላም ወደ ቤቴ መሄድ እንደምችል ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ወረቀቱን በአመሌ ከታች ጀመርኩት። ናሙናውን የመረመረችው ፓቶሎጂስት፣ ቁራጩ ጥልቀት ስለሌለው እባጩን ከአንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት በእርግጠኝነት ለመለየት እንደማይቻልና ጠለቅ ያለ ናሙና እንደሚያስፈልግ ጽፋ ኖሯል። ያከመኝ ሰው ያቺን መስመር አላነበባትም፤ ወይም አንብቦ ለእኔ መንገር አላስፈለገውም።

ስለ ሩዶልፍ ቪርቾው ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። (ጀርመኖቹ ፊርሆ ይሉታል፤ እኔ የአገራችን ሐኪሞች በለመዱት አጠራር እቀጥላለሁ። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን የማያውቅ የሕክምና ተማሪ የለም። እኔን የሳበኝ ግን አንድ ጊዜ፣ የአንድ መንግሥት ዕጣ በተንጠለጠለበት ጉዳይ፣ የሰጠው የባለሙያ ምስክርነት ነው። የዚያም ምስክርነት ግርጌ ላይ ሆኖም ነበረችበት።

ቪርቾው የተወለደው ኦክቶበር 13 ቀን 1821 በፕሩሲያ ግዛት፣ ፖሜራኒያ ውስጥ በምትገኝ ሺቨልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ክልል ውስጥ ስትሆን ሽቪድቪን ትባላለች። አባቱ ገበሬም የከተማው ገንዘብ ያዥም ነበር፤ ኑሯቸው የሚያወላዳ አልነበረም። ልጁ ሕክምና ሊማር የቻለው ለጦር ሠራዊቱ ሐኪሞችን ያሰለጥን በነበረው የበርሊን ተቋም በኩል ነው። በ1843 ተመረቀና ቻሪቴ በሚባለው ታላቅ ሆስፒታል አስከሬን መመርመር ጀመረ።

ገና በ24 ዓመቱ፣ በ1845፣ የአንዲት ምግብ አብሳይ ሴትን አስከሬን መርምሮ በደሟ ውስጥ ነጭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ መብዛታቸውን ጻፈ። በዚያው ዓመት በኤደንብራ ጆን ቤኔት የሚባል ሐኪም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ልዩነቱ ቤኔት ነገሩን መግል መስሎት ሲያልፍ ቪርቾው መግል አለመሆኑን ለይቶ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሉኪሚያ የሚል ስም ማውጣቱ ላይ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት የሕይወቱ ሥራ እንደሚሆን ከዚህ ያስታውቃል።

ከዚያ 1848 መጣ። በላይኛው ሲሌዥያ፣ አብዛኛው ነዋሪ ፖላንድኛ ተናጋሪ ድሃ በሆነበት አካባቢ፣ ተስቦ ገብቶ ሕዝቡን ይፈጀው ነበር። መንግሥት ቪርቾውን አጣርቶ እንዲመጣ ላከው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየና ያልተጠበቀ ሪፖርት ይዞ ተመለሰ። ለወረርሽኙ መድኃኒት ብሎ ያዘዘው ዴሞክራሲን፣ ትምህርትን፣ መንገድን፣ ድሃውን የማይጎዳ ግብርንና ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የመዳኘት መብቱን ነበር። ላኪዎቹ የፈለጉት ይኼን እንዳልነበር መገመት አያዳግትም። በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርሊን ላይ አብዮት ፈነዳ፤ እሱም ምሽግ ከሚሠሩት ጋር ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ከሥራው ተነሳ። ወደ ደቡብ ሄዶ በቩርዝበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ትዳርም የመሠረተው እዚያ እያለ ነው። በ1856 በርሊን ራሷ ፈልጋ አስጠራችው፤ የራሱ ተቋምም ተሠራለት።

በ1858 በዚያ ተቋም የሰጣቸው ሃያ ትምህርቶች በመጽሐፍ ታተሙ። ከዚያ በፊት ሕመም የሚገኘው በሰውነት ፈሳሾች መዛባት ነው፣ እባጭም ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ረግቶ ይፈጠራል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ቪርቾው የሕመም መኖሪያ ሕዋስ ነው፣ እያንዳንዱም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ ይወለዳል አለ። ሐሳቡ የሱ ብቻ አልነበረም። ሮበርት ሬማክ የሚባል፣ አይሁዳዊ በመሆኑ በፕሩሲያ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የተነፈገ ተመራማሪ ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር፤ ስሙ ሳይጠቀስ በመቅረቱም ለቪርቾው ቅሬታውን ጽፏል። ቅሬታው ትክክል ነው ባይ ነኝ።

የሆነ ሆኖ ከዚያ መጽሐፍ በኋላ የአንድ እባጭ ጥያቄ መልኩን ለወጠ። ይህች እብጠት የየትኛው ሕዋስ ልጅ ናት? እናቷን ትመስላለች ወይስ ከቤት ወጥታ ዱርዬ ሆናለች?

ሁለተኛውን ናሙና ከሰጠሁ በኋላ ያቺን የመጨረሻ መስመር የጻፈችውን ፓቶሎጂስት ፈልጌ አገኘኋት። ጥያቄዬ ስለበዛባት መሰለኝ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ በሚያይበት ማይክሮስኮፕ አጠገብ አስቀምጣኝ የባለቤቶቻቸው ስም የተሸፈነ ስላይዶች አሳየችኝ። ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ የፀጉር ሥር ልጆች ናቸው ብላ ጀመረች።

የመጀመሪያው ከአንድ ልጅ አንገት የወጣ ፓይሎማትሪክሶማ ነበር። ከዳር ጥቅጥቅ ያሉ ሰማያዊ ሕዋሳት አሉ፤ ወደ መሀል ሲገቡ አስኳላቸው ጠፍቶ ቦታው ብቻ ባዶውን የቀረ ሐመር ሮዝ ሕዋሳት ይሆናሉ። ጥላ ሕዋሳት ይሏቸዋል። ካልሲየም እየተጠራቀመባቸው እባጩ በእጅ ሲነካ እንደ ጠጠር ይጠነክራል። በ1880 ማልኸርብና ሸናንቴ የተባሉ ፈረንሳውያን ሲገልጹት ከቆዳ የቅባት ዕጢ የመጣ መስሏቸው ነበር። ፀጉርን ከሚሠሩት ሕዋሳት እንደሚመጣ በፎርቢስና በሄልዊግ የተረጋገጠው በ1961 ነው። ለዚች ጠጠር ትክክለኛ እናቷን ለማግኘት ሰማንያ አንድ ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው መሀሉ ላይ የሰፋ የፀጉር ቀዳዳ አለው፤ ከግድግዳው ዙሪያውን ትናንሽ የፀጉር ሥሮች ይወጣሉ፤ ትራይኮፎሊኩሎማ። ይኼንን እኔም ለየሁት። ሦስተኛው ትራይኪለሞማ ነው። ሕዋሳቱ ስኳር መሳይ ግላይኮጅን ስለያዙ ነጣ ብለው ይታያሉ፤ ዳርቻቸውን ወፍራም ሮዝ ሽፋን እንደ ጥልፍ ጠርዝ ከቦታል። እሱ ራሱ አይገድልም። ፊት ላይ ተደጋግሞ ሲወጣ ግን ካውደን የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊጠቁም ይችላል፤ ያ ችግር ደግሞ የጡትና የታይሮይድ ካንሰር ሥጋትን ይጨምራል።

ከዚያ ሁለት ስላይዶች ጎን ለጎን አወጣች። በሁለቱም ውስጥ ሰማያዊ ሕዋሳት እንደ ደሴት ተበታትነዋል። ለእኔ መንታ ናቸው። አንደኛው ማንቸስተር ውስጥ ሄንሪ ብሩክ በ1892 የገለጸው፣ ዛሬ ትራይኮኤፒቴሊዮማ የሚባለው ጉዳት የሌለው የፀጉር ሥር እባጭ ነው። ሌላው የቡዳፔስቱ ክሮምፔኸር በ1903 መጽሐፍ የጻፈበት ቤዛል ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። እንዴት ትለያቸዋለሽ አልኳት። የመጀመሪያው ደሴት ዙሪያውን ካለው ቃጫማ ሕብረ ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ፀጉር ለማብቀል የሞከረ የሚመስሉ ጅምር ቅርጾችና በቀንድ መሳይ ነገር የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶችም አሉት። ካንሰሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደሴቱና ባሕሩ ይለያያሉ፤ በመሀላቸው እንደ ስንጥቅ ያለ ክፍተት ይታያል። ልዩ ቀለሞችም ያግዛሉ፤ ለምሳሌ ሜርከል የሚባሉት ሕዋሳት በትራይኮኤፒቴሊዮማ ውስጥ ሲገኙ በካንሰሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም። ከሁሉም በላይ ግን የእባጩን ግርጌ ማየት ያስፈልጋል። ጉዳት የሌለው በወሰኑ ይቆማል፤ ካንሰሩ ወሰን ገፍቶ ወደ ታች ይሰርጋል። ከላይ የተላጠች ቁራጭ ይህን ልታሳይ አትችልም። ድንበር ተገፍቷል አልተገፋም ብሎ ለመፍረድ ድንበሩ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይኼ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

ወደ ቪርቾው ልመለስ። ከ1863 እስከ 1867 ባሉት ዓመታት ስለ እባጮች ብቻ ሰፊ ሥራ አሳተመ። ሦስተኛው ቅጽ ሳይጠናቀቅ፣ ስለ ካንሰር የሚያወራው ክፍልም ሳይወጣ ቀረ። ካንሰር ከአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይወለዳል ብሎ ያምን ነበር፤ ተሳስቷል። ካርል ቲርሽ በ1865 በቆዳ ካንሰር ላይ፣ ቪልሄልም ቫልዳየር ደግሞ ከ1867 ጀምሮ በሌሎች አካላት ላይ ካንሰር የሚነሣው ከሸፋኙ ሕብረ ሕዋስ መሆኑን አሳዩ። ሁለተኛውን ስም ያዙልኝ።

በዚህ መሀል ሰውየው ፖለቲከኛም ነበር። ከ1859 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። ከተማዋ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመር እንድታገኝ፣ የአሳማ ሥጋም በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ተሟግቷል። በፕሩሲያ ምክር ቤት ውስጥ የቢስማርክ ቀንደኛ ተቃዋሚ ስለነበር በ1865 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመሣሪያ ይዋጣልን ብሎት ቪርቾው እምቢ ብሏል። ትል ያለበት ቋሊማና የሌለበት ቋሊማ አቅርቦ ምረጥ አለው የሚባለው ወግ ጣፋጭ ነው፤ ግን ተረት ነው።

ወደ ዋናው ፍሬ ነገር ደረስን። በጃንዋሪ 1887 የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሪድሪክ ድምፁ ጎረነነ። ዕድሜው 55 ነው፤ አባቱ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዘጠናን ሊደፍን ተቃርቧል። ፍሪድሪክ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ አማች ነበር፤ የጀርመን ለዘብተኞችም፣ ቪርቾውን ጨምሮ፣ ተስፋቸውን የጣሉት በሱ ዘውድ ላይ ነው። ገርሃርት የተባለው ሐኪም በግራ የድምፅ አውታሩ ላይ እባጭ አገኘ። በሽቦ ቆረጠው፣ አቃጠለው፤ ተመልሶ በቀለ። በሜይ ወር ስመ ጥሩው ቀዶ ጠጋኝ በርግማን ተጠራና ካንሰር መሆኑን ጠርጥሮ ማንቁርቱን ከውጭ ከፍቶ ሊያወጣው ተዘጋጀ። ያ ቀዶ ጥገና በዚያ ዘመን ለሕይወት እጅግ አስጊ ነበር።

ሜይ 20 ቀን ሞሬል ማኬንዚ የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ከለንደን መጣ። የማይክሮስኮፕ ማስረጃ ሳይኖር ቢላ አይነሣም አለ። አባባሉ ትክክል ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲያ እል ነበር። በማግሥቱ በአፍ በኩል መቆንጠጫ አስገብቶ ትንሽ ቁራጭ ቆረጠ፤ ቁራጩም ወደ ቪርቾው ተላከ። ቪርቾው ካንሰር አላየም። ሌላ ቁራጭ ሄደ፤ በጁን መጀመሪያም ሌላ ተጨመረ። መልሱ አሁንም የሸፋኙ ቆዳ መወፈር ብቻ ነው የሚል ሆነ። በጁኑ ሪፖርት ላይ ግን፣ ይኼ ፍርድ ለመላው ሕመም ይሠራል ወይ የሚለውን ከተቆረጡት ቁራጮች ተነሥቶ በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል አሰፈረ።

ያቺን ሆኖም ማን አነበባት? ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። አልጋ ወራሹ ለንደን ሄዶ በአማቱ የሃምሳኛ ዓመት የንግሥና በዓል ላይ በፈረስ ታየ፤ ሕዝቡ ቁመናውን አድንቆ አጨበጨበ። በሴፕቴምበር ማኬንዚ የሰር ማዕረግ አገኘ። በኖቬምበር ጣልያን ሳን ሬሞ ላይ ሐኪሞቹ አዲስ ያበቀለውን አይተው ካንሰር መሆኑን ተናገሩ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 መተንፈሻ ቧንቧው ተበሳ። ማርች 9 ቀን አባቱ ሞተና ድምፅ የሌለው ሰው ነገሠ፤ ሐሳቡን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ 99 ቀን ገዛ። ጁን 15 አረፈ። በማግሥቱ አስከሬኑ ሲመረመር ከቆሙት ውስጥ ቪርቾውም፣ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ቫልዳየርም ነበሩ። ማንቁርቱን የበላው ካንሰር ነበር።

ዙፋኑ ወደ ልጁ ወደ ዳግማዊ ቪልሄልም ሄደ። አባትየው ቢኖር ኖሮ አውሮፓ ከ1914 ጦርነት ትድን ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ማስረጃ የለውም። የሚያሳስበኝ ማስረጃ ያለው ክፍል ነው። ገርሃርት ማኬንዚን የያዘው ሕመሙ ከሌለበት ከቀኙ አውታር ነው ብሎ ከሰሰው፤ ማኬንዚም መጽሐፍ ጽፎ ተከላከለ። በ1948 አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሎረን አከርማን ላይ ላዩ ጤነኛ መስሎ ታች ታቹን እየገፋ የሚሄድ የካንሰር ዓይነት ገለጸ። የፍሪድሪክን ጉዳይ ኋላ ላይ የመረመሩ አንዳንዶች ነገሩ ያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ቪርቾው ያየውን በትክክል አይቷል፤ ካንሰሩ የነበረው እሱ ፊት ካልቀረበው ቁራጭ ውስጥ ነው።

ታዲያ ነፃ ነው? በሕግ ዓይን ምስክር ያላየውን አላየሁም ማለቱ ይበቃዋል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀውም። የሱ ስም በዚያ ዘመን ከወረቀቱ በላይ ይናገር ነበር፤ ቪርቾው ካንሰር የለም አለ ከተባለ የቀረውን መስመር ማንም እንደማያነብ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዚያ ላይ ታማሚው እንዲነግሥ የሚመኝ ፖለቲከኛ ነው። ዳኛ ቢሆን ኖሮ ከችሎቱ እንዲነሣ አቤቱታ ይቀርብበት ነበር። አውቆ አዛባ ማለቴ አይደለም፤ ሪፖርቱ ላይ ያቺን መስመር መጻፉ ራሱ ይመሰክርለታል። ያቺኑ መስመር ከፍ ባለ ድምፅ ሊናገራት ይገባ ነበር ነው የምለው።

ከአንድ ናሙና ተነሥቶ መፍረድ ሌላም ጊዜ ጥሎታል። በ1856 ኒያንደርታል ሸለቆ የተገኘውን አጥንት በ1872 መርምሮ የጥንት ሰው ዘር ሳይሆን ሕመም ያጎበጠው ተራ ሰው ነው ብሎ ነበር። ብዙ ናሙና በያዘበት ጊዜ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1870ዎቹ ከ6.7 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ተማሪዎች የፀጉር፣ የዓይንና የቆዳ ቀለም እንዲመዘገብ አድርጎ በ1886 ውጤቱን አወጣ። ወርቃማ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ከሦስት አንድ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከአይሁድ ልጆች መካከልም ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ጥቂት አልነበሩም። ንጹሕ የጀርመን ዘር እያሉ ይፎክሩ ለነበሩት ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። ሰሚ ማጣቱን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሆነው ይነግረናል።

በ1899 ከ20,000 በላይ ናሙና የያዘ የፓቶሎጂ ሙዚየም በቻሪቴ ከፈተ። ሰማንያ ዓመት በሞላው በወራት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 1902፣ ወደ ስብሰባ ሲሄድ ከቆመበት ሳይሆን ከሚሄድ ትራም ላይ ዘለለና የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ከዚያ አላገገመም። ሴፕቴምበር 5 ቀን አረፈ።

የእኔ ሁለተኛ ውጤት ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ መጣ። ከታች ጀመርኩ። ናሙናው እስከ ቆዳው የታችኛው ስብ ድረስ የሚደርስ መሆኑን፣ የእባጩ ግርጌ በሙሉ መታየቱንና ወሰኑን አለመግፋቱን ይላል። ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ፦ ትራይኮኤፒቴሊዮማ።